«በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ»፦ ሀዋሳ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ የት ነው?

አልኮል ያለበት ፀረ ተዋስያን የተሞላ ጀሪካን ባጋጠማችሁ ጊዜ በጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብባችሁት ታውቁ ይሆን? ከስሙና ከአምራቹ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ «ከእሳት አርቀው በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ» የሚል ምክር ይገኝበታል። ምክሩን የሚቃወም ሰው የለም። «ለመሆኑ ቀዝቃዛ ማለት ስንት ዲግሪ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አያጋጥምም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ሀዋሳ ላይ ሆኖ ያነሣል። መልሱን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ በዚህች ከተማ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ካልተገጠመለት በቀር፣ የአልኮል ኬሚስትሪ በሚጠይቀው ትርጉም ቀዝቃዛ ሊባል የሚችል መጋዘን የለም ማለት ይቻላል። እንግዲያው ፋብሪካዎቻችን የደህንነት ሥራቸውን በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሊመሠርቱ አይገባም፤ የሚበጃቸው የሚያከማቹትን መጠን መቀነስ፣ አየር ማናፈስና መለየት ነው ብዬ አምናለሁ።

አልኮል በጀሪካንና በበርሜል ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን በስፋት የገባበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚያ ሳምንታት ሳኒታይዘር ከገበያ ጠፍቶ በርካታ የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች ቤተ ሙከራቸውን ወደ ማምረቻነት ለወጡት። የተጠቀሙበት ቀመር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለየአገሩ አምራቾች ያሰራጨው ነበር፦ 96 በመቶ ኤታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፣ የቀረው ንጹሕ ውሃ ሆኖ በድምሩ 10 ሊትር። ውጤቱ ከመቶ 80 እጁ ኤታኖል የሆነ ፈሳሽ ነው። ሌላው ቀመር በኤታኖል ፈንታ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠቀማል፤ መጠኑም 75 በመቶ ነው።

ያ ሰነድ ከቀመሩ ሌላ የያዛቸው ቁም ነገሮችም ነበሩት። ልዩ የአየር ማቀዝቀዣና ማናፈሻ በሌለበት ቦታ ከ50 ሊትር በላይ እንዳይዘጋጅ፣ የሁለቱ ፈሳሾች ፍላሽ ፖይንት 17.5 እና 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመሆኑ በሞቃት አገሮች አከማቸቱ ልዩ ትኩረት እንዲሰጠው ያስጠነቅቃል። ቀመሩን ብዙዎቻችን በቃላችን ያዝነው፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ከወረርሽኙ ጥድፊያ የተነሣ ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው። በጊዜው ለምን አልታሰበበትም ብሎ ማንንም መውቀስ አይገባም፤ ሰው ይሞት ነበርና። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ግን በየፋብሪካው፣ በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ አልኮል የተለመደ ዕቃ ሆኖ ሲቀጥል ያንን ገጽ ገልጦ ማንበብ የሚቻልበት ጊዜ አለን።

ለመሆኑ ፍላሽ ፖይንት ምንድን ነው? አልኮል ሲነድ ስናይ ፈሳሹ የሚቃጠል ይመስለናል። የሚነደው ግን ከፈሳሹ ገጽ ተነሥቶ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነው። ተኑ እጅግ ካነሰ ክብሪት ቢጫርበትም አይቀጣጠልም፤ እጅግ ከበዛም የኦክስጅን እጥረት ስለሚኖር እንዲሁ አይቀጣጠልም። ለኤታኖል ሁለቱ ወሰኖች ከአየሩ መጠን 3.3 በመቶና 19 በመቶ ያህል ናቸው። ፍላሽ ፖይንት ማለት እንግዲህ ፈሳሹ ከገጹ በላይ የታችኛውን ወሰን የሚያሟላ ተን ለመስጠት የሚበቃው ዝቅተኛው ሙቀት ነው። ከዚህ ሙቀት በታች ያለ ፈሳሽ ብልጭታ ቢያገኘው ዝም ይላል፤ ከዚህ በላይ ያለ ፈሳሽ ግን የሚጠብቀው ብልጭታውን ብቻ ነው።

ይህን አረቄ የሚያወጡ እናቶች ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። የአረቄውን ጥንካሬ ለመፈተን ጥቂት ጠብ አድርገው እሳት ያስነኩታል፤ ብርቱው ይቀጣጠላል፣ ውሃ የበዛበት አሻፈረኝ ይላል። ውሃ በበዛ ቁጥር ፍላሽ ፖይንቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በባሕር ጠለል ደረጃ ወደ 26 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ ይቀጣጠላል። ሳኒታይዘር ከዚህ እጥፍ የሚሆን አልኮል የያዘ ፈሳሽ መሆኑን ስናስብ፣ መጋዘን ውስጥ የተደረደሩት ነጫጭ ጀሪካኖች ምን እንደ ሆኑ ግልጽ ይሆንልናል።

አሁን ወደ ሀዋሳ እንመለስ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በበጋ ወራት ቀን ላይ ከ27 ዲግሪ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። 17.5 ዲግሪ የሚለው ቁጥር ብቻውን እንኳ የሚነግረን ነገር አለ፦ ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮው መሞቅ ከጀመረችበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ማታ ድረስ ፈሳሹ ከፍላሽ ፖይንቱ በላይ ነው። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነጥብ አለ፤ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎች በተለይ ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ።

በሰነዶች ላይ የሚጻፈው ፍላሽ ፖይንት ለባሕር ጠለል የአየር ግፊት፣ ማለትም ለ101.3 ኪሎ ፓስካል የተስተካከለ ነው። በ1,700 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት 82.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የፈሳሹ የተን ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ እንጂ በከፍታው አይደለም፤ ስለሆነም በአንድ ዓይነት ሙቀት የሚወጣው ተን እዚህ ከሚያንስ አየር ጋር ይካፈላል፣ ድርሻውም ይበልጣል። ምሳሌ እንውሰድ። በ20 ዲግሪ የንጹሕ ኤታኖል የተን ግፊት 5.85 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይህ ከጠቅላላው ግፊት 5.8 በመቶ ሲሆን ሀዋሳ ላይ 7.1 በመቶ ይሆናል። በፈተና መመሪያዎች የተለመደው ማስተካከያ ለእያንዳንዱ ኪሎ ፓስካል ልዩነት 0.25 ዲግሪ ነው። በዚህ ስናሰላ 101.3 ሲቀነስ 82.5 እኩል 18.8፤ ይህ በ0.25 ሲባዛ 4.7 ዲግሪ። ስለዚህ በጀሪካኑ ሰነድ ላይ 17.5 የሚለው ቁጥር ሀዋሳ ላይ ሲደርስ ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል። በከተማችን 13 ዲግሪ የሌሊት ብርድ ነው። የመጋዘኑ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ያከማቸውን ሙቀት ሌሊቱን ሲመልስ እንደሚያድር ስናስብ፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ቁጥር በታች የሚወርድበት ሰዓት ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ይበልጥ ቀዝቃዛ ብትሆንም ከፍታዋ ግፊቱን ይበልጥ ስለሚቀንሰው እፎይ የምትልበት ምክንያት የላትም።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሌላም የተሸሸገ ቁም ነገር አለ። ቤንዚን በጣም ተናኝ ስለሆነ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ወሰን ያለፈ ተን ይይዛል፤ ለመንደድ አየር ያጥረዋል። ኤታኖል ግን እንዲህ አይደለም። በ20 ዲግሪ 7 በመቶ፣ በ30 ዲግሪ ወደ 13 በመቶ የሚሆነው ተኑ በሁለቱ ወሰኖች መካከል በትክክል ይወድቃል። ሳኒታይዘሩ ውሃ ስላለበት ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ቢልም ከወሰኑ አይወጣም። ይህም ማለት በሀዋሳ ሙቀት ግማሽ የተቀዳለት የአልኮል በርሜል በውስጡ ለመፈንዳት የተዘጋጀ ድብልቅ ይዞ ተቀምጧል። «ባዶ ነው» የተባለው በርሜል ከሞላው ይልቅ ያሰጋል። እኛ ደግሞ ባዶ በርሜል የማንጥል ሕዝብ ነን፤ ውሃ እናጠራቅምበታለን፣ ምድጃ እንሠራበታለን፣ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ሲደርስ በመቁረጫና በብየዳ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የአልኮል በርሜል ከፋብሪካ በር ከመውጣቱ በፊት በውሃ ተሞልቶ ሊታጠብ፣ ይህም መደረጉ በላዩ ላይ ሊጻፍበት ይገባል። ወጪው አንድ በርሜል ውሃ ነው።

የተሳሳተው ፍርሃት

እ.ኤ.አ. በ2020 በማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ወሬ ዓለምን ዞረ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ትንሽ የሳኒታይዘር ጠርሙስ በራሱ ይነዳል የሚል። ወሬው ስሕተት ነው። ኤታኖል ያለ ብልጭታ በራሱ እንዲነድ ከ360 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ የየትኛውም መኪና ውስጥ ሙቀት ወደዚያ አይጠጋም። የሚያሳዝነው ሰው መፍራቱ አይደለም፤ ፍርሃቱ ወደማይጎዳው ነገር መዞሩ ነው። የ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙሷን ከመኪናው አውጥቶ የጣለ ሰው ከቢሮው ጀርባ ስለተደረደሩት ጀሪካኖች ምንም ላያስብ ይችላል። አደጋው ከብዛትና ከተዘጋ ክፍል ጋር ያድጋል።

ብዛቱን በቁጥር ለማየት እንሞክር። አንድ ሊትር ሳኒታይዘር ቢደፋና በውስጡ ያለው ኤታኖል በሙሉ ቢተን፣ 630 ግራም ያህል ስለሆነ 13.7 ሞል ይሆናል። በ25 ዲግሪና በሀዋሳ ግፊት አንድ ሞል ጋዝ 30 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ተኑ ብቻውን ወደ 410 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ይህ ተን ከአየር ጋር እኩል ተደባልቆ 3.3 በመቶ የሚሆንበትን ክፍል ስናሰላ 12.5 ሜትር ኩብ እናገኛለን፤ ወርዱ 2፣ ርዝመቱ 2.5፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነች የዕቃ ቤት ማለት ነው። ደግሞም ተኑ እኩል እስኪደባለቅ አይጠብቅም። የኤታኖል ሞለኪውል ክብደት 46፣ የአየር አማካይ 29 ስለሆነ ተኑ ከአየር 1.6 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ በነፋስ እስኪበተን ድረስ ወለል ለወለል ይሳባል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ ወደ ቦይ ይገባል። ከጣሪያ ሥር የተሠራች ትንሽ መስኮት ላይ ተማምኖ ወለሉ አጠገብ የአየር መውጫ ያልተወ መጋዘን ስለዚህ አልኮልን ያላሰበ መጋዘን ነው።

ነበልባሉ ደግሞ ራሱን ይደብቃል። አልኮል ሲነድ ጥላሸት ስለማይሰጥ ነበልባሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ በቀን ብርሃን ለማየት ያስቸግራል። ጭሱን አይቶ የሚሮጥ ሠራተኛ እዚህ የሚያየው ጭስ የለም፤ አጠገቡ ያለው ጨርቅ ወይም ካርቶን ሲቀጣጠል ነው የሚያውቀው።

ጨርቁና አልኮሉ

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ታስቦ ነው። ከዚያ ወዲህ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ገጠር የመጡ ሴቶች ሠርተውበታል። የልብስ ፋብሪካ ባሕርይ ከአልኮል ጋር ሲታይ የማይመች ነው። የጥጥ ብናኝ በየማዕዘኑ ይሰበሰባል፣ ካውያ ቀኑን ሙሉ ይግላል፣ የተቆለለ ጨርቅና ካርቶን ቅርብ ነው፣ ሰው ሠራሽ ክርም ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማል። የኤታኖል ተን በጥሩ ሁኔታ ከአየር ጋር ከተደባለቀ ለመቀጣጠል የሚበቃው ብልጭታ የሰው ጣት እንኳ ላይሰማው የሚችል ትንሽ ነው። አልኮል በነዚህ ፋብሪካዎች ለእጅ ማጽጃ ብቻ ሊውል አይመጣም፤ አይሶፕሮፒል አልኮልን የመሰሉ አሟሚዎች የዘይት ነጠብጣብ ከልብስ ለማስለቀቅም ያገለግላሉ።

የልብስ ፋብሪካ ቃጠሎ ታሪክ የአከማቸት ታሪክ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2012 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ በታዝሪን ፋሽንስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት ቢያንስ 112 ሠራተኞች ሞተዋል። እሳቱ የተነሣው ጨርቅና ክር ከተከማቸበት ከምድር ቤቱ ነበር፤ ከላይ ያሉት ሠራተኞች መውረጃ ደረጃዎችም ወደዚያው ወደሚነደው ወለል ያመሩ ነበር። በዚያ አልኮል አልነበረም፤ ጨርቁ ብቻውን በቅቷል። የሚነድ ዕቃ በሰው መውጫ መንገድ ላይ መቀመጡ ሞቱን እንዳበዛው ግን ማንም ማየት ይችላል። ሳኒታይዘርን ለማከፋፈል እንዲመች በመግቢያው በር አጠገብ፣ ከደረጃ ሥር ወይም ከልብስ መለወጫው ክፍል ጎን ማከማቸት ለአሠራር ምቹ ነው፤ ስሕተቱም ይህ ምቾት ነው። ለዕለት የሚበቃው ብቻ በር ላይ ይሁን፤ ቀሪው ከሰው መንገድ ይራቅ።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ጤንነትና ደህንነት የመጠበቅ፣ ስለ ሥራው አደገኛነትና ስለሚወሰደው ጥንቃቄ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። እኔ የምጠይቀው «ማሳወቅ» ስለሚለው ቃል ነው። የደህንነት መረጃ ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በደህንነት ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ማን አወቀ? ጀሪካኑን የምትቀዳው ሴት በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ «ይህ ከአረቄ እጥፍ ይበረታል፤ ተኑ በወለል ይሄዳል» ተብሎ ካልተነገራት ግዴታው ተፈጽሟል ለማለት ይከብዳል።

እንዴት ይቀመጥ?

አንዳንድ ባልደረቦቼ «እንግዲያው አልኮልን እንተወው» ይሉኛል። አልስማማም። ሳሙናና ውሃ ባለበት እጅን መታጠብ በቂ ነውና ፋብሪካው ቧንቧውን ቢያበዛ የአልኮል ፍጆታው ይቀንሳል፤ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤትም የተበረዘ ክሎሪን ይበቃል። ሆኖም በረኪና እና አልኮል በአንድ መደርደሪያ ሊቀመጡ አይገባም፤ ሲደባለቁ ክሎሮፎርምን የመሳሰሉ መርዛማ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ውሃ በማይገኝበትና የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚጸዳበት ቦታ ግን አልኮልን የሚተካ ቀላል ነገር የለም። ስለዚህ ይኑር፤ ጥቂት ሆኖ ይኑር።

ስንት? የብሪታንያ የጤናና ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሥራ ክፍል ውስጥ፣ እሳት በሚቋቋም ቁም ሣጥን እንኳ ቢሆን፣ ፍላሽ ፖይንቱ ከክፍሉ ከፍተኛ ሙቀት በታች የሆነ ፈሳሽ ከ50 ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። «ከክፍሉ ከፍተኛ ሙቀት በታች» የሚለውን አስተውሉ፤ መለኪያው የቦታው አየር ነው። ለንደን ውስጥ በክረምት ከዚህ ምድብ የሚወጣ ፈሳሽ ሀዋሳ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ በምድቡ ይቆያል። ከዚህ የሚተርፈው ከዋናው ሕንፃ ተለይቶ በተሠራ፣ ከላይም ከታችም አየር በሚያልፍበት፣ ግድግዳው በማይነድ፣ ጣሪያው ጥላ ባገኘ ቤት ይቀመጥ። ወለሉ ከትልቁ ዕቃ ይዘት ጥቂት በሚበልጥ ገንዳ ይከበብ፤ የተለመደው መጠን 110 በመቶ ነው። የመብራቱ ማብሪያ ከውጭ ይሁን፤ በውስጡ ሶኬትም ሆነ ማራዘሚያ ገመድ አይኑር። የጥበቃ ሠራተኛው የቡና ከሰልም ከግድግዳው ጥግ ይራቅ፤ ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፣ ለሌሊት ብርድ መጠለያ የሌለው ጥበቃ ከመጋዘን ግድግዳ ተጠግቶ ቢያነድ የሚወቀሰው እሱ አይደለምና። መቅዳትና ማከፋፈል በዚያ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይደረግ።

ስለ እሳት ማጥፊያ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ተራው የአረፋ ማጥፊያ ለነዳጅ የሚሠራው አረፋው ፈሳሹን ስለሚሸፍን ነው፤ አልኮል ግን ውሃን ከአረፋው ነጥቆ ያሟሸዋል፣ ሽፋኑም ይጠፋል። አልኮል የሚቋቋም አረፋ፣ ደረቅ ዱቄት ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። በመጋዘኑ በር ላይ የተሰቀለው ቀይ ሲሊንደር የትኛው እንደ ሆነ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

ውሃው የት ይሄዳል?

ቃጠሎ ከጠፋ በኋላስ? እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 በካሊፎርኒያ ካርሰን ከተማ አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር የተከማቸበት መጋዘን ተቃጠለ። ከቃጠሎው የፈሰሰው ኤታኖል ዶሚንጌዝ ወደሚባለው የውሃ መውረጃ ገባ፤ ዕፅዋቱ ሞተው ሲበሰብሱ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ለሳምንታት ከውሃው ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በጊዜያዊነት ቤታቸውን ለቀው ሆቴል ለመግባት ተገደዱ። ያ መውረጃ እንኳ መጨረሻው ውቅያኖስ ነበር። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝ የገባው ሁሉ በዚያው ይቀራል። አንድ ግራም ኤታኖል በደቂቅ ዘአካላት ሙሉ በሙሉ ሲበላ 2.1 ግራም ያህል ኦክስጅን ይወስዳል። በሐይቁ ሙቀትና ከፍታ አንድ ሊትር ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም አካባቢ ስለሆነ፣ አንድ የ200 ሊትር በርሜል ሳኒታይዘር ከ36 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ የሆነ ውሃ ኦክስጅን የመጨረስ አቅም አለው። አሞራ ገደል ሄዶ ቆሮሶና አምባዛ የሚገዛ ሰው የገንዳውን ጥቅም ከዚህ ይረዳዋል።

የፋብሪካ ኃላፊዎች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ ይታወቃል፦ «እስከ ዛሬ ምንም አልደረሰም፤ ገንዘቡም የለም»። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ አገራችን ከአጎዋ ዕድል ከታገደች በኋላ የወጪ ነገር ለአልባሳት አምራቾች ከባድ ሆኖ እንደ ነበር አልክድም፤ የለቀቁ ድርጅቶችም አሉ። ግን ይህ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ድርጅት ሲለቅ ወይም ሲዛወር በመጋዘኑ የቀረውን ጀሪካን ማን ይረከበዋል? የርክክብ ሰነዱ ወንበርና ማሽን ሲቆጥር የፈሳሹን ስምና ቀን ይጽፋል ወይ? ደግሞም ከላይ ከዘረዘርኋቸው ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ መቀነስ፣ ማራቅ፣ ወለሉ አጠገብ ቀዳዳ መክፈት፣ በርሜል ማጠብ የቀን ሥራ ናቸው።

ለተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። በየዓመቱ ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካ የምትሄዱ የኬሚስትሪና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ ሜትርና ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ አልኮሉ ያለበትን ክፍል ለኩ፤ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት መዝግቡ፤ የክፍሉን ይዘት ለ12.5 አካፍሉ። ውጤቱን በትልቁ ጽፋችሁ ከበሩ ላይ ለጥፉት፣ ለመጋዘን ኃላፊውም አስረዱት። ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 4፣ ከፍታው 3 ሜትር ለሆነ ክፍል 36 ሲካፈል ለ12.5 ከ3 ሊትር ያነሰ ይሆናል። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ተራ ጀሪካን የሚይዘው 20 ሊትር ነው።